ፊልሙ ላይ ያልነበረው ብረት

በሕይወቴ ካየኋቸው ፊልሞች ሁሉ እጅግ የማይረባው ፊልም ባለውለታዬ ነው። ይህንን ባለፈው ቅዳሜ ለእህቴ ልጆች ብነግራቸው ነገሩ አልገባቸውም። ሦስቱንም ይዤ፣ ካባ ለብሶ የሚበር ጀግና ያለበት አዲስ ፊልም ላሳያቸው ሄጄ ነበር። ስንወጣ ፊታቸው ሎሚ የመጠጡ ይመስል ተኮማትሯል። መካከለኛው፣ «አክስቴ፣ ይህን ፊልም እኮ በሌላ ስም ሦስት ጊዜ አይተነዋል» አለኝ። ሰው ዞር ብሎ እስኪያየኝ ድረስ ሳቅሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ እንዲህ ያለ ፊልም አይቼ ነበር፤ ዛሬ በሁለት እግሬ የቆምኩት በእሱ ሰበብ ነው ብላቸው፣ ትንሿ፣ አክስቷ አእምሮዋን የሳተች ይመስል፣ ትክ ብላ አየችኝና አይስክሬም ጠየቀችኝ። እኔም ተውኩት። እዚህ ልጨርሰው።

አምስት ዓመት ሲሆነኝ ኃይለኛ ትኩሳት ያዘኝ። ትኩሳቱ ሲሄድ የግራ እግሬን ጉልበት ይዞ ሄደ። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ሐኪሟ ብረት አዘዘችልኝ፤ ከጭኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በግራና በቀኝ የሚወርዱ ሁለት ዘንጎች፣ አራት የቆዳ ማሰሪያ፣ ጉልበቴ ላይ ማጠፊያ፣ ከታች ደግሞ እንደ ድንጋይ የሚከብድ ጫማ። ለእናቴ ነገሩን ሳታሽሞነሙን ነው የነገረቻት። ልጅቷ ይህን ዓመት በብረቱ ካልሄደችበት ጉልበቷ እንደታጠፈ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ እኔም ሆንኩ ሌላ ሐኪም የምናደርግላት ነገር የለም አለቻት። እኔም እዚያው አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን «ይህ ዓመት» የሚባለው ነገር ማለቂያ የለውም።

መጀመሪያ ብረቱን አስሬ የወጣሁት ወደ ቦኖው ውኃ ነበር። ማጠፊያው በተራመድኩ ቁጥር ሲጥ ይላል። ውኃ ሊቀዱ የተሰለፉ ልጆች ድምፁን ሰምተው አንዱ የሌላውን ወገብ ያዘና ተቀጣጥለው፣ በአፋቸው ጡሩምባ እየነፉ ከኋላዬ ተከተሉኝ። «ባቡሩ መጣ! ባቡሩ መጣ!» ቤቴ ገብቼ ብረቱን ፈታሁና አልጋ ሥር ወረወርኩት። አራት ወር ሙሉ ከዚያ አላወጣሁትም። እናቴ ለመነች፣ ተቆጣች፣ ከረሜላ ገዛች፣ መልሳ ደግሞ ተቆጣች። እኔ ፍርጥም አልኩ። አባቴ ብቻ ምንም አላለኝም። የምሄድበት ቦታ ሲኖር ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ይሰጠኛል፤ እኔም እወጣለሁ። ዝም ማለቱ ከእኔ ጋር መስማማቱ መስሎኝ ነበር። በቤታችን ውስጥ የሚረዳኝ እሱ ብቻ ነው እያልኩ አንገቱን አቅፌ እሄድ ነበር።

አባቴ የሲኒማ ቤቱ ሰዓሊ ነበር። ዛሬ በማሽን የሚታተመው የፊልም ማስታወቂያ ያኔ በእጅ ነበር የሚሠራው። አዲስ ፊልም ሊመጣ ከአንድ ወር በላይ ሲቀረው፣ የሲኒማ ቤቱ ባለቤት የፊልሙን ስምና የእጅ መዳፍ የምታክል ፎቶ በፖስታ ይሰጠዋል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። እናቴ ልብስ ሰፊ ስለነበረች አራት አቡጀዲ ጎን ለጎን ገጥማ በመኪናዋ ትሰፋለታለች። እሱ ጨርቁን ኮላ ቀብቶ ግቢያችን ግድግዳ ላይ ይወጥረዋል። ከዚያ ፎቶውን በእርሳስ ትናንሽ ካሬ ካሬ ያደርገዋል፤ ጨርቁንም በከሰል ትልልቅ ካሬ ያደርገዋል፤ ትንሿ ካሬ ውስጥ ያለውን ትልቋ ካሬ ውስጥ እያስገባ ሲሄድ፣ መዳፍ የምታክለው ሰውዬ በሳምንት ውስጥ የሰማይ ስባሪ ያክላል።

ፊልሞቹን ራሳቸውን ግን አያይም። ምን እንዳለ ካወቅሁ እጄ ይታሰራል ይል ነበር። ስለዚህ አውሎ ነፋስ የሌለበት ፊልም ላይ አውሎ ነፋስ፣ ፈረስ የሌለበት ፊልም ላይ ሁለት ፈረስ ይጨምራል። ሰፈርተኛውም ለምዶታል። ፊልም አይተው የሚወጡ ሰዎች «ሸራው ይሻላል» እያሉ ነበር የሚሄዱት፤ ባለቤቱም አዳራሹ እስከሞላ ድረስ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

በዚያ ዓመት የመጣችው ፎቶ ቀይ ካባ የለበሰ፣ ፊቱን በጭምብል የሸፈነ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የቆመ ጀግና የሚታይባት ነበረች። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብዬ አባቴ ሲሠራ አያለሁ። ሰኞ ራሱን ሠራ። ማክሰኞ ካባው ነፋስ ገባበት። ረቡዕ ወደ እግሩ ወረደ። ሐሙስ ጠዋት ዓይኔን እያሸሁ ስወጣ፣ የጀግናው የግራ እግር ላይ ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሁለት ዘንግ ወርዷል። አራት የቆዳ ማሰሪያም አለው። ጉልበቱ ላይ ያለው ማጠፊያ ፀሐይ እንደመታው ሁሉ ያበራል።

አባቴን ምንድነው ብዬ ጠየቅሁት። ብሩሹን ከጨርቁ ሳያነሳ፣ ፎቶው ላይ ያለውን ነው የምሥለው አለኝ። በብረት እንዴት ይበራል ስለው፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ እኔ ፊልም አላይ፣ ሄደሽ አይተሽ ንገሪኝ አለ። ውሰደኝ አልኩት። ያኔ ብቻ ብሩሹን አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ።

«የሲኒማ ቤቱ ደረጃ ሃያ ሁለት ነው፣ እናቴ። የመክፈቻ ቀን ሰው ይጋፋል፤ አዝዬሽ አልወጣውም» አለኝ።

አልጋ ሥር ገብቼ ብረቱን አቧራውን ጠርጌ ያወጣሁት በዚያው ቀን ነው። እናቴ የስፌት መኪናዋን እግር መርገጫ አቁማ አየችኝ፤ መልሳ መስፋት ጀመረች። ክሩን ግን በመርፌው ቀዳዳ ማስገባት አቅቷት ብዙ ታገለች። ዓይኗ ደክሞ ነው ብዬ ነበር ያኔ።

ዓርብ ዕለት የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ሥራውን ሊያይ መጣ። ከእጁ የማትለይ ቡናማ ሻንጣ ስለነበረችው ሰፈሩ ባለ ሻንጣው ነበር የሚለው። እኔ ቤት ውስጥ ማሰሪያዬን እያጠበቅሁ ነበር፤ ጆሮዬን ብቀስርም የእናቴ የስፌት መኪና እየጮኸ ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት። ባለ ሻንጣው «አጥፋው» አለ። አባቴ አንድ ወር ብቻ ይታገሡኝ፣ ጌታው፣ ይቆይ አለ። ባለ ሻንጣው ደግሞ «ሰው ሲጠይቅ መልሱ ያንተ ነው፤ ከዚያ ወዲያም አንፈላለግም» አለና ሻንጣውን ይዞ ወጣ። እኔ የገባኝ ቀለሙ እስኪደርቅ አንድ ወር እንደሚፈልግና ባለ ሻንጣው እንደቸኮለ ነው። ሰው እንዴት ለቀለም እንዲህ ይቆጣል ብዬም ተገርሜአለሁ።

ሸራው ሲኒማ ቤቱ ፊት ተሰቀለ። በማግሥቱ እናቴ እጄን ይዛኝ ላየው ሄድኩ። ወደ እዚያ ለመድረስ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ በፀጉር አስተካካዩ በር አልፎ፣ የፍሳሽ ቦዩ ላይ የተጋደመውን ሳንቃ መሻገር ያስፈልጋል። ሳንቃው ላይ እናቴ አንስታ አሻገረችኝ። ብረቴ እንደ ድሮው ሲጥ ሲጥ ይላል። የቦኖው ልጆች ሸራው ሥር ቆመው አንጋጠዋል። ድምፁን ሲሰሙ ዞሩ።

ማንም ጡሩምባ አልነፋም። ከመካከላቸው ረጅሙ፣ ባቡሩን ሁልጊዜ የሚመራው፣ አንዴ ሸራውን አንዴ እግሬን አየና ልንካው ወይ ብሎ ለመነኝ። ንካው አልኩት። በነጋታው የመጥረጊያ እንጨት ሰንጥቆ በገመድ እግሩ ላይ አስሮ መጣ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ የፊልሙን ታሪክ እነግራቸው ጀመር፤ ጀግናው ከሰማይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ፣ ብረቱን የሠራለት አንድ ሽማግሌ ነው፣ ማጠፊያው ሲጮህ ጠላቶቹ በድንጋጤ ይበተናሉ። በየቀኑ እየሄድኩ በየቀኑ እጨምርበታለሁ። አንድ ቀን ያልሄድኩ እንደሆነ ቤት ድረስ መጥተው ይጠሩኛል። በዚያ ወር ልቤ ቅቤ ጠጣች። መጀመሪያ ሳምንት ሲያቆስለኝ የነበረው ማሰሪያ በአራተኛው ሳምንት ቆዳዬ ሆኗል፤ እኔ ግን ስለ ጀግናው እንጂ ስለ እግሬ የማስብበት ጊዜ አልነበረኝም።

የመክፈቻው ቀን ደረሰ። ሃያ ሁለቱን ደረጃ የአባቴን እጅ ይዤ ወጣሁ። ከኋላችን የሚገፋው ሰው ሁሉ እግሬን ሲያይ ይታገሠናል፤ አንዷ ሴት እንዲያውም ለልጇ፣ አየሽ፣ እንደ ጀግናው አለቻት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ከፊታችን ሰፈሩ ትንቢት የሚለው ጡረተኛ ነበር። ትንቢት አንድም ፊልም አያመልጠውም፤ ገና ሳይሆን የሚሆነውን ጮክ ብሎ የመናገር አመል አለበት፤ ሰው ቢቆጣውም አይተውም።

ፊልሙ ጀመረ። ሕፃኑ ከአባትና ከእናቱ ጋር በመኪና ይሄዳል። ትንቢት፣ «ወላጆቹ አሁን ይሞታሉ» አለ። ሞቱ። ልጁን አንድ ሽማግሌ ወስዶ አሳደገው፤ ትንቢት፣ ሽማግሌው ከመከረው በኋላ ይሞታል አለ፤ መክሮት ሞተ። ሰማያዊ መብራት ወረደበትና በረረ። ጋዜጠኛዋ ከፎቅ ላይ ወደቀች፤ መሬት ልትነካ ሁለት ክንድ ሲቀራት ተቀለበች። ክፉው ሰውዬ ግንብ ላይ ቆሞ ሳቀ። ይህን ግንብ ባለፈው ዓመት በሌላ ፊልም አይተነዋል፤ ከግንቡ በስተቀኝ ያለው የተሰበረ መስኮት እንኳ ያው ነበር። ሰዓት የተገጠመለት ፈንጂ ሲመጣ አዳራሹ በሙሉ ትንቢትን ተቀላቅሎ የሚሆነውን በኅብረት ይናገር ጀመር። ትንቢት ራሱ ሥራው ተወስዶበት መሰለኝ፣ ተሰላችቶ እንቅልፍ ወሰደው።

እኔ ግን አልተኛሁም። ጀግናው በተመታ ቁጥር የአባቴን እጅ እጨምቃለሁ። አሁን ነው፣ አሁን ይወድቅና እግሩ ይሰበራል እለዋለሁ። እስቲ እንይ ይለኛል። አልወደቀም። በሁለት ጤነኛ እግሩ ሮጠ፣ ዘለለ፣ በረረ፤ ጋዜጠኛዋን ሲያቅፍ እንኳ በእግር ጣቶቹ ጫፍ ቆመ። መብራት ሲበራ የተዋንያኑ ስም እየተጻፈ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ነገር ይኖራል ብዬ ባዶውን መጋረጃ አፍጥጬ አየሁ።

በሩ ላይ ግርግር ተነሣ። ሰዉ በፊልሙ ተናዷል፤ የሚናደድበት ሌላ ምክንያት ስላላገኘ ብረቱን ያዘ። ብረት ያለው ጀግና ብላችሁ አስገብታችሁን፣ ብረቱ የታለ? ባለ ሻንጣው ሻንጣውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ሰዓሊውን ጠይቁ ብሎ ወደ እኛ ጠቆመ። አባቴ እጄን ለቀቀና የላይኛው ደረጃ ላይ ወጣ። ከኪሱ ያቺን ፎቶ አወጣ። መካከሏ ላይ፣ በጀግናው እግር ቁልቁል፣ ነጭ የእጥፋት መስመር ወርዶባታል።

«ስሕተቱ የእኔ ነው» አለ። «ፎቶው ታጥፎ ነው የመጣው። የእጥፋቱን መስመር ብረት መስሎኝ ሠራሁት። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሐኪም ዓይኑን ይየው አለ አንዱ። እጥፋትና ብረት የማይለይ ሰዓሊ አለ ሌላው። የቦኖው ልጆች አባቴን አላዩም፤ እኔን ነበር የሚያዩት። አንድ ወር ሙሉ የነገርኳቸው ሽማግሌ፣ የሚበተኑት ጠላቶች፣ ሁሉንም በአንድ ፎቶ እጥፋት ውኃ በላው። አባቴ ወርዶ እጁን ሲዘረጋልኝ፣ «አትንካኝ» አልኩት።

ደረጃውን ብቻዬን ወረድኩ፤ ብረቱን ቀድሜ እየጣልኩ፣ ግድግዳ እየያዝኩ፣ አንድ በአንድ። መንገዱን ያዝኩ። ቦዩ ጋ ስደርስ ሳንቃው ላይ የሚያሻግረኝ ሰው እንደሌለ ትዝ አለኝ። ትዝ ሲለኝ ይበልጥ ተናደድኩና ረገጥኩት። ሳንቃው ተወዛወዘ፣ ማጠፊያው ጮኸ፣ ተሻገርኩ። ዳገቱን እያለከለክሁ ወጣሁት። ከኋላዬ የአባቴ የጫማ ድምፅ ይሰማኛል፤ አይቀርበኝም፣ አይርቀኝም። አፍሮ ነው፣ ይፈር አልኩ በልቤ። ቤት ገብቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ።

ኩርፊያዬ ሦስት ሳምንት ቆየ። ሦስቱንም ሳምንት እጁን አልያዝኩም፣ ጀርባውንም አልፈለግሁም። ትምህርት ቤት ብቻዬን ሄድኩ፣ ቦኖውም ብቻዬን ወረድኩ። ልጆቹ ወደ ባቡራቸው ይመለሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እነሱ ግን ብረቱን ለምደውት ረስተውታል፤ ረጅሙ ልጅ ውኃ ስቀዳ ተራዬን ይጠብቅልኝ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ሐኪሟ ጉልበቴን አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው፤ ከዚያ እናቴን አቀፈቻት። ዛሬ ሲደክመኝ ብቻ ትንሽ አነክሳለሁ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ አስተምራለሁ።

ባለ ሻንጣው ሌላ ሰዓሊ ቀጠረ። አባቴ ከዚያ በኋላ እስከ ዕድሜው መጨረሻ የሱቅ ማስታወቂያ ነው የሠራው፤ ለፀጉር አስተካካዩ መቀስ፣ ለጥርስ ሐኪሙ ጥርስ፣ ለጫማ ሰፊው ቡትስ። አውሎ ነፋስና ፈረስ ቀረ። እኔ ግን አላዘንኩለትም ነበር። ያጠፋ ይቀጣል፣ እኔ ላጠፋሁት ሁሉ ተቀጥቼ የለ? ካደግሁ በኋላ ደግሞ ነገሩን ቀልድ አደረግሁት። እጥፋትና ብረት መለየት ያቃተው ሰዓሊ ልጅ ነኝ እያልኩ ስንቱን አስቄበታለሁ። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

እሱ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ዓምና አንድ እሑድ እንግዶች ቤቴ መጥተው ያንኑ ቀልድ ደገምኩት። እናቴ ጥግ ላይ ወንበሯ ላይ ሆና ሰማችኝ። እንግዶቹ እስኪሄዱ ጠበቀችና አጠገቧ እንድቀመጥ በእጇ ወንበሩን መታ መታ አደረገች።

«ስታሾፊበት ዝም ያልኩት እሱ ‹እኔ በሕይወት እያለሁ አትንገሪያት› ስላለኝ ነው» አለችኝ። «እኔም ብሆን መሄጃዬ ደርሷል፤ ይዤው አልሄድም። ፎቶው ሲመጣ ምንም እጥፋት አልነበረበትም። ከፖስታው ያወጣሁት እኔ ነኝ። ባለ ሻንጣው ተቆጥቶ የሄደ ቀን ነው አባትሽ በጥፍሩ ለሁለት ያጠፈው። ለልጁ ብሎ ነው እንዳይሉና አንቺን እንዳያዩሽ፣ እኔ ዕውር ልባል አለኝ።»

«አጥፋው» የተባለው ምን እንደነበር፣ አንዱ ወር ለምን እንደተለመነ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲስቅበት ደረጃው ላይ ለምን ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎ ገባኝ። እሱ ፈረስና አውሎ ነፋሱን ሰጥቶ እግሬን ገዛልኝ፤ እኔ ደግሞ መሳቂያ አደረግሁት። አመሰግናለሁ የሚለውን ቃል አንድም ቀን አላልኩትም፤ በምን አውቄ። በዚያች እሑድ ግን ጮክ ብዬ፣ እሱ ያለ ይመስል፣ ደጋግሜ አልኩት። ያንንም የማይረባ ፊልም አመሰገንኩ፤ ጥሩ ቢሆን ኖሮ ሰው ብረቱን ይረሳው፣ እኔም የአባቴን እጅ ይዤ እመለስ ነበር።

እናቴ እንባዬን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። ከዚያ አንድ የቀረኝ አለ ብላ የዚያን ቀኑን ነገረችኝ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስተኛ፣ አባቴ ግቢው ውስጥ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ገልብጦ ተቀመጠ። ሥራው ሄዷል፣ በሰው ፊት ተዋርዷል፣ ልጁ አትንካኝ ብላዋለች። ምን ብዬ አጽናናዋለሁ ብላ ውኃ ይዛለት ወጣች።

«የሠርጋችን ዕለት እንኳ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም» አለችኝ። «ውኃውን ሳይቀበለኝ፣ ‹ከሲኒማ ቤቱ እስከዚህ ድረስ ብቻዋን፣ አንዴም እንኳ ዞር ብላ አላየችኝም› አለኝ።»